ወደ ግራ ያዘነበለ ትንፋሽ

በኅዳር ወር ፳፻፪ ዓመተ ምሕረት፣ ብርድና ጉም ፍራንክፈርትን በሸፈነበት ዕለት፣ የቀድሞው የንጉሠ ነገሥቱ ባሕር ኃይል ሌተናንት ኃይለ መስቀል በአንድ ቤተ መዘክር ከዓሣ ነባሪ ራስ ቅል ፊት ቆመው ነበር፤ ዕድሜያቸው ሰባ አንድ ደርሷል። የልጅ ልጃቸው መቅዲ የጀርመንኛውን ጽሑፍ ትተረጉምላቸዋለች።

«አባባ፣ የዚህኛው መተንፈሻ ቀዳዳ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም በግራ በኩል። ትንፋሹ ወደ ግራ ያዘነብላል ይላል።»

ሽማግሌው ክው አሉ። በ፲፱፻፶፱ ዓ.ም. መርከባቸው በኤደን ባሕረ ሰላጤ ስትጓዝ፣ ከምሰሶው ላይ ሆኖ ባሕሩን የሚቃኘው መርከበኛ በሪሁን «ዓሣ ነባሪ! ትንፋሹ ወደ ግራ ያዘነበለ!» ብሎ ጮኸ፤ መርከቢቱም መንገዷን ለወጠች። እርሳቸው ዘግይተው በመነጽር ቢያዩ፣ ማዕበል ሲመታው ውኃ ቀጥ አድርጎ ሽቅብ የሚተፋ የገደል ቀዳዳ ብቻ ታያቸው፤ «ሐሰተኛ ወሬ አቀረበ» ብለው መዘገቡበት፤ በሪሁንም ማዕረጉ ተገፎ ተባረረ። ዘመኑ ሹም አይሳሳትም የሚባልበት ነበር፤ እርሳቸውም «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ባይ ነበሩ። ኋላ ስደት ሁለቱንም እዚህ ከተማ ጣላቸው፤ ሃያ ዓመት በአንድ ቤተ ክርስቲያን ሲያስቀድሱ ሰላም አልተባባሉም።

«በሪሁን ኒድ ሰፈር ነው የሚኖረው፤ ዛሬውኑ እሄዳለሁ» አሉ።

«ደውለው ቴርሚን፣ ማለቴ ቀጠሮ፣ ይያዙ እንጂ፣ አባባ!»

«በዳይ በቴርሚን አይሄድም፤ ድንጋይ ተሸክሞ ነው።»

ከማይን ወንዝ ዳር ድንጋይ መርጠው በጫንቃቸው ተሸከሙ፤ በትራሙ ሰው ሁሉ አፈጠጠባቸው፤ ተቆጣጣሪው መሬት ያስቀምጡት ዘንድ ቢለምናቸውም አሻፈረኝ አሉ። መቅዲ በኀፍረት መስኮት መስኮቱን ታይ ነበር።

በሪሁን፣ ጕልበቱን በኦስትሃፈን ወደብ መጋዘኖች የጨረሰ ጡረተኛ፣ በሩን ሲከፍት የቀድሞ አለቃው ከነድንጋያቸው ተንበረከኩ፤ አንቱ ሲሉትም የመጀመሪያቸው ነበር።

«እርስዎ ያዩት እውነት ነው፤ ዓሣ ነባሪ ነበር። የበደልሁ እኔ ነኝ፤ ይማሩኝ።»

በሪሁን ጎንበስ ብሎ ድንጋዩን ከጫንቃቸው አነሣ።

«ይማርዎት፣ ጌታዬ። ግን ለምን ዘገዩ? እኔ እኮ ገደል ነው ያየሁት ብዬ ራሴን ላሳምን ተቃርቤ ነበር።»

ሽማግሌው አለቀሱ።

የመርከቢቱ መዝገብ መንግሥታት ሲለዋወጡ የት እንደ ገባ የሚያውቅ የለም፤ ተገኝቶ ቢነበብም በሪሁንን ዛሬም ሐሰተኛ ይለዋል። ታሪክ የሹሙን ቀለም ይዟል፤ የይቅርታውን ቃል ከሁለቱ ሌላ የሰማች መቅዲ ብቻ ናት። ድንጋዩን በሪሁን የበሩ መደገፊያ አደረገው።