ተነስታ የማትጸና ሰዓት

ሽማግሌው ሞቶ ሰዓቱ አላረፈችም። በላስቲክ ከረጢት ታሽጋ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጣ በየደቂቃው ድርር ትላለች፤ መስታወቷ ላይ የፋብሪካዋ ምልክት ብቅ ይላል፤ ጥቂት ታበራና ድርግም። ደግሞ ድርር፣ ደግሞ ድርግም። በተነሳች ቁጥር የሰዓት ጠጋኙ ልብ አብራት ትነሳለች፤ ስትጠፋም አብራት ትጠፋለች። ጉድ እኮ ነው! ትናንት ቅዳሜ አጽድቶ፣ ሙሉ ቻርጅ አድርጎ፣ «ከእንግዲህ ምንም አትሆንም፣ አባባ» ብሎ በገዛ እጁ ያስረከባት እሱ ነው።

ሟቹ የሚስቱ አባት ነው። የዓሣ ማቀዝቀዣ ነበረው። ዛሬ እሑድ ጠዋት ከገዛ ፍሪዘሩ በር ሥር ኩርምት ብሎ ደርቆ ተገኘ። የበሩ የውስጥ መክፈቻ ከተሰበረ ሦስት ሳምንቱ ነው፤ አንዴ ከውጭ ከተዘጋ ከውስጥ የሚከፍተው የለም። እጁ ላይ ግን ስማርት ሰዓቱ ነበረች፤ መስታወቷን ሁለቴ መታ መታ ካደረጓት ለቤተሰብ የምትደውል። አልደወለችም።

«አንተን አምኖ ነው የገባው!» አለችው ሚስቱ፤ ዓይኗ በልቅሶ አብጧል። «ስንቴ መትቷት ይሆን? ስንቴ? አባቴን ገደልክብኝ!»

ጠጋኙ ምን ይበል? እሱም ከእሷ እኩል አምኖበታል። «በቸልተኝነት ሰው መግደል» የሚለውን ቃል ደጅ የቆመው ፖሊስ ለጓደኛው ሲያንሾካሹክ ሰምቷል። እስሩስ ይሁን፤ ይህች ሴት ዕድሜ ልኳን እንዲህ እያየችው መኖር ግን ከየትኛው እስር ያንሳል?

የተቀመጡበት ቢሮ ከፍሪዘሩ በላይ ያለ ጠባብ ክፍል ነው። መስኮቱ ፍርግርግ ብረት ነው፤ የማሽኑ ጉርምርምታ ወለሉን ያንዘፈዝፈዋል፤ ቅዝቃዜው ከሥር በጫማ ይገባል። በሩ ተዘግቷል፤ ለውሃ እንኳ መውጣት ክልክል ነው። ውስጥ ያሉት አምስት ናቸው፦ ጠጋኙና ሚስቱ፣ የሚስቱ እንጀራ እናት፣ የሚስቱ አጎት፣ እንዲሁም የማቀዝቀዣው መካኒክ።

አራት ሰዓት ሲሆን መርማሪዋ ገባች። አጠር ያለች፣ ጡረታዋ የተቃረበ ሴት ናት። ባልደረቦቿ ሲያሟት «እትዬ ለምን» ይሏታል፤ ከ«ለምን» በቀር ሌላ ጥያቄ አታውቅም ብለው።

«ለምን ብቻቸውን ገቡ?» ስትል ጀመረች።

አጎትየው መለሰ። የሟቹ ታናሽ ወንድም ነው፤ የቢሮውን ወረቀት የሚይዝ፣ ጫማው ሁልጊዜ የሚያብለጨልጭ፣ ከጠዋት ጀምሮ እንባው ያልደረቀ። አውራ ጣቱን በሌባ ጣቱ እያሸ፣ «ጋሼ ግትር ነበር» አላት። «መክፈቻው ሲሰበር፣ በር ላይ ሰው ሳይቆም ማንም እንዳይገባ ብሎ ያዘዘው ራሱ ነው። እኔ ስምንት ሰዓት ላይ ወጣሁ። ሰዓቱ ስትመለስለት ጊዜ ልቡ ደፈረና ብቻውን ገባ።»

«ለምን ሌሊቱን ማንም አልፈለጋቸውም?»

እንጀራ እናቲቱ አንገቷን ደፋች። «ቅዳሜ ቅዳሜ ልጁ ጋ ነው የሚያድረው። እዚያ ነው ብዬ ተኛሁ።»

«እኔ ደግሞ» አለች የጠጋኙ ሚስት፣ «ዘጠኝ ሰዓት ላይ በእጅ ሰዓቱ ደውሎ፣ “ሠራችልኝ! ባልሽን አመስግኚልኝ” አለኝ። ማታ ሲቀር ደክሞት ቤቱ ቀረ ብዬ…» ሳትጨርስ ተወችው።

«ማን አገኛቸው?»

«እኔ ነኝ» አለ መካኒኩ። «እሑድ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የማሽኑን ቅዝቃዜ ለማየት እመጣለሁ። በሩን ስከፍት… እግሬ መሬት አልነካም፤ ጮኼ ለአምቡላንስ ልደውል ወጣሁ።»

«ብቻቸውን ትተህ?»

«እሳቸው ግቢው ውስጥ ነበሩ» አለ ወደ አጎትየው እየጠቆመ። «ጩኸቴን ሰምተው ገቡ።»

«አቅፌው ተቀመጥኩ» አለ አጎትየው። «ሌላ ምን ላድርግ?»

«እኔ ስደርስ ኮቱን እንደለበሰ ውጭ አስተኝተውታል» አለች እንጀራ እናቲቱ። «ፖሊስ ሁለት ተኩል ላይ መጥቶ ሰዓቷን ከእጁ እስኪያወልቅ ድረስ አጠገቡ ነበርኩ። ወንድሙና መካኒኩ መንገድ ላይ ቆመው አምቡላንስ ይጠብቁ ነበር።»

መርማሪዋ ከረጢቱን ከፈተችና ወደ ጠጋኙ ዞረች። «አንተ አትነካትም። እየነገርከኝ እኔ ልሥራ። ሰው ሁሉ መጀመሪያ ቻርጅ ያደርጋል፤ ላድርግ?»

«አይሆንም» አለ ጠጋኙ። «ስትበራ እያዩ? አልራባትም። ያልራባትን ለምን ያበሏታል? የጎን በተኗን፣ ያቺን ትንሽ መጫኛ፣ አሥር ሴኮንድ ያህል ጫን አድርገው ይያዙልኝ።»

ያዘች። ድርር፣ ድርግም። ምንም።

«እሺ፣ ይልቀቁትና ተመልሶ ብቅ ይል እንደሆነ ይዩ።»

«አይመለስም። ወደ ውስጥ ሰምጦ ቀርቷል።»

የጠጋኙ ፊት አመድ መሰለ። «ያው የድሮ በሽታዋ ነው። ባለፈው እሑድ ምሳ ላይ ለሁላችሁም አሳይቻችሁ ነበር፤ ጨውና የዓሣ ቅርፊት ገብቶ በተኑን ነክሶ ይዞት ነበር። በተኑ ተጭኖ ከቀረ ሰዓቷ ልትነሳ ስትል እንደገና ተነሺ ትባላለች። ተነስታ አትጸናም። ግን እኮ አጽድቼው ነበር! በመርፌ፣ በብሩሽ…»

«ተወው ልጄ» አለ አጎትየው በሐዘኔታ ትከሻውን ዳሰስ አድርጎ። «ሰው ነህ፤ ሰው ይሳሳታል። ማንም ሆን ብለህ አደረግኸው አላለም።» ደግነቱ ጠጋኙን ከስድብ በላይ አቃጠለው።

መርማሪዋ አጉሊ መነጽር አውጥታ በተኑን ትክ ብላ አየችው። «የዓሣ ቅርፊት እንዲህ ይጠራል? ይሄ ማጣበቂያ ነው። ሱፐር ግሉ።»

ሁሉም ወደ ጠጋኙ ዞሩ።

«ሱፐር ግሉ ደግሞ ማን ጋ ነው የሚገኘው?» አለች እንጀራ እናቲቱ ቀስ ብላ። «ሱቁ ውስጥ መደርደሪያ ሙሉ የለውም?»

ጠጋኙ እስካሁን ቸልተኛ ነበር፤ አሁን ነፍሰ ገዳይ ሆነ። ሚስቱ ወንበሯን ከእሱ ራቅ ስታደርግ የወንበሩን እግር መንሸራተት ሰማ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይሉታል ይሄን ነው፤ ግን ዳዋ አፍ የለው፣ ምን ብሎ ይከራከር?

መርማሪዋ ከእንጀራ እናቲቱ ቦርሳ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አሴቶን ተውሳ በጥጥ ጫፍ በተኑን ዙሪያውን አረጠበችው። ከብዙ ማሻሸት በኋላ በተኑ ቀጭ ብሎ ብቅ አለ። ሰዓቷ ድርር አለች፤ ምልክቱ መጣ። ይህን ጊዜ አልጠፋችም። የምስጢር ቁጥር ጠየቀች፤ ቁጥሩን ይዞት የሄደው ግን ሟቹ ነው። ከላይ በኩል የባትሪዋ ልክ ተጽፏል፦ ስድሳ በመቶ።

«አሁን ተራ በተራ ወደ ደረጃው ውጡልኝ» አለች መርማሪዋ።

ጠጋኙ ተራው ሲደርስ ደረጃው ላይ ወፍራም የፍሪዘር ኮት፣ ጓንት፣ እና የመርማሪዋ የራሷ አሮጌ ሰዓት ተዘጋጅተው ጠበቁት። «ወደ ፍሪዘሩ የምትገባ ይመስል ልበስ» አለችው። ሰዓቷን እጁ ላይ አሰረ፤ ኮቱን ደረበ፤ ጓንቱን አጠለቀ። አየችውና፣ «እህ» አለች። ደብተሯ ላይ አንድ ነገር ጫር አደረገች። «ግባ።»

ምን አጠፋ? ተመልሶ ተቀመጠ። ሌሎቹም ወጥተው ተመለሱ። ማንም ማንንም አላየም፤ በሩ እንደገና ከውጭ ተቀረቀረ። አሁን ክፍሉ ራሱ ፍሪዘሩን መሰለው።

መርማሪዋ መሀል ላይ ቆመች።

«ከዚች ባትሪ እንጀምር። ይቺ ሰዓት ስትነሳ ስትወድቅ ያደረች ቢሆን ምን ይቀራት ነበር?»

ጠጋኙ አሰበ። እስካሁን ደንግጦ ያላሰበው ነገር ነበር። «ምንም! በዚህ ሁኔታ ከአምስት ሰዓት በላይ አትቆይም። ደግሞ በዚያ ብርድ አድራ ቢሆን ጠዋት ሙት ነበር የምትሆነው፤ ጭራሽ አትበራም።»

«ስድሳ በመቶ እስኪቀራትስ?»

«በአንድ ሰዓት ሃያ በመቶ ብትበላ… ሁለት ሰዓት ያህል ይፈጅባታላ።»

«አሁን አራት ሰዓት አልፏል፤ እንግዲህ በተኗ የተጣበቀው ዛሬ ጠዋት ሁለት ሰዓት አካባቢ ነው» አለች መርማሪዋ። «ሽማግሌው በዚያ ጊዜ ከሞቱ ቆይተዋል። የሞተ ሰው የገዛ ሰዓቱን አያጣብቅም። ሰዓቷ ከእሳቸው ጋር ፍሪዘር አልገባችም። ሌላ ሰው ጋ፣ ሙቀት ያለበት ቦታ፣ ቻርጅ ተደርጋ አድራለች። ጠዋት ነው፣ ጥፋቱ ጠጋኙ ላይ እንዲወድቅ፣ እጃቸው ላይ የታሰረችው።»

«ማን ያስራል?» አለ አጎትየው።

«እሱን እጅጌው ነገረኝ።» የሟቹን ኮት አነሳች። እጅጌው ጫፍ ላይ ዙሪያውን የተላጠ መስመር አለ። «የሰዓቷ ማሰሪያ ላይ የሰፉት ቀዳዳዎች ሁለት ናቸው፤ ሦስተኛውና የመጨረሻው። ለምን ሁለት ሆነ? መካኒክ፣ አንተ ሰዓትህን የት ነው ያሰርከው?»

መካኒኩ ግር ብሎት ክንዱን አየ። ሰዓቱ ከካፖርቱ እጅጌ በላይ ታስሯል። «ያው… ፍሪዘር የሚገባ ሰው ከኮት በላይ ነው የሚያስር። እዚያ ውስጥ ጓንት አውልቆ፣ እጅጌ ገልቦ ሰዓት የሚያይ ማን ነው?»

«ሽማግሌውም እንዲሁ ነበሩ፤ በመጨረሻው ቀዳዳ፣ ከኮት በላይ። ዛሬ ፖሊስ ያገኛት ግን ከኮቱ ሥር፣ በባዶ እጃቸው ላይ፣ በሦስተኛው ቀዳዳ። ያሰራት ፍሪዘር ገብቶ የማያውቅ ሰው ነው። ደረጃው ላይ መካኒኩ ከላይ አሰረ። ልጃቸው እዚህ ነው ያደገችው፤ ከላይ አሰረች። እርስዎም እመቤት፣ ከላይ።»

«ከማግባቴ በፊት እዚሁ አሥር ዓመት ዓሣ ደርድሬያለሁ» አለች እንጀራ እናቲቱ።

«በባዶ እጃቸው ያሰሩት ሁለት ናቸው። አንዱ አንተ ነህ።»

ጠጋኙ ዓይኑን ጨፈነ። አለቀ፣ አለ በልቡ።

«ግን ፖሊስ ሁለት ተኩል ላይ ሰዓቷን ሲያሽጋት አንተ ገና ቤትህ ነበርክ፤ ሦስት ሰዓት ላይ ፖሊስ ራሱ ነው ከቤትህ ያመጣህ። ስለዚህ ሁለተኛው ሰው ቀሩ።» ወደ አጎትየው ዞረች። «መካኒኩ ሊደውል ሲወጣ አቅፈዋቸው ተቀመጡ። ከጠዋት ጀምሮ ያንን አውራ ጣትዎን ሲያሹት አያለሁ። ሱፐር ግሉ ቆዳ ላይ ሲደርቅ ይቆረቁራል። አሴቶኑ ተርፎኛል፤ ላስለቅቅልዎት?»

አጎትየው እጁን ኪሱ ከተተ። ወዲያው መልሶ አወጣው። አሁን እንባ አልነበረውም።

«ሰኞ ሥራውን ለልጄ ላስረክብ ነው አለኝ» አለ። «ለእሷ! ሠላሳ ዓመት ተላላኪው ነበርኩ። አንድ ቀን እንኳ ምን ትላለህ ብሎኝ አያውቅም። ደግሞ እንደነገረኝ ወዲያው፣ “ና በር ላይ ቁምልኝ” አለኝ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በር ላይ ቆሜለታለሁ! እስከ መቼ ልቁም? ዘግቼበት ሄድኩ።»

«ሰዓቷንስ እንዴት ሰጡዎት?»

ድምፁ ወረደ። «እስኪ ልያት አልኩት። አውልቆ ሰጠኝ። “አንተ በር ላይ ካለህ ሰዓት ምን ያደርግልኛል” አለኝ።»

የጠጋኙ ሚስት አፏን በሁለት እጇ ያዘች። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ይባላል፤ ይሄ ግን ከዚያም ይከፋል።

አጎትየውን ይዘውት ወረዱ። በሩ ተከፈተ፤ መካኒኩና እንጀራ እናቲቱም ወጡ። መርማሪዋ ደብተሯን አጠፈችና፣ «ሰዓቷ ትሠራ ነበር፤ ጥሩ አድርገህ ነው የጠገንካት» ብላው ሄደች።

ባልና ሚስት ብቻ ቀሩ። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ እያለ ሁለቱም አልተነሱም።

«ይቅር በለኝ» አለችው ሳታየው። «አንተን… እንዴት እንዳልኩህ አላውቅም።»

ጠጋኙ ነጻ ወጥቷል፤ ግን ወንበሯን ያራቀችበት ድምፅ ከጆሮው አልወጣም። እንደሚወዳትም ያውቃል። ሁለቱም እውነት ነበሩ።

«ይቅር ብዬሻለሁ ብል እዋሻለሁ። ገና ነው» አላት። ተነስቶ እጁን ዘረጋላት። «አሁን ግን ተነሽ። መጀመሪያ አባታችንን እንቅበር።»