ጋሪውን ጥሎ የሚሮጠው

ኮሌት ዌንደልን መጀመሪያ ያወቀችው በጀርባው ነው። ሲሮጥ።

ዌንደል በካናዳዋ ሰድበሪ ከተማ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ነው። እሱና ባልደረቦቹ በተረኝነታቸው ቀን ምሳቸውን ራሳቸው ያበስላሉ፤ አስቤዛውንም ራሳቸው ይገዛሉ። ቀዩን መኪና በር ላይ ገትረው፣ አራት ሆነው፣ ኮሌት ካሸር ወደሆነችበት ሱፐርማርኬት ይገቡና ስለ ሽንኩርት እንደ ሚኒስትር ይከራከራሉ። የአደጋ ጥሪ ሬዲዮው ከጮኸ ግን አለቀ! ጋሪው ከነዶሮው መሐል ቤት ተገትሮ ይቀራል።

ሲሮጥ መጀመሪያ ባየችው ቀን ኮሌት ጋሪውን እየገፋች ማቀዝቀዣ ክፍል አስገባችው። ከሁለት ሰዓት በኋላ ዌንደል ጭስ ጭስ እየሸተተ፣ ፊቱ ከነጆሮው ጥላሸት ለብሶ ተመለሰ።

«እኅቴ፣ እዚህ ጋ አንድ ጋሪ ነበረ...»

«ዶሮ ያለበት? በብርድ እየተንቀጠቀጠ ይጠብቅሃል።»

ሳቀ። ከፊቱ ላይ ነጭ የነበረው ጥርሱ ብቻ ነው። ኮሌትም የሚቀጥለውን ደንበኛ እንቁላል ከድንች ሥር ከተተችው።

ከዚያ በኋላ አራት ወር ሙሉ ወሬያቸው ሁሉ ግማሽ ነበር።

«እሳት የምናጠፋው አልፎ አልፎ ነው» አላት አንድ ቀን። «አብዛኛውን ጊዜ እናጥባለን። መኪና እናጥባለን፣ ቱቦ እናጥባለን...»

«ታዲያ እናትህ ልጄ ልብስ ንጽሕና መስጫ ተቀጠረ ብለው አላለቀሱም?»

ሊመልስላት አፉን ሲከፍት ሬዲዮው ጮኸ። ሁልጊዜም እንዲህ ነው። የቀረውን ግማሽ ኮሌት ቤቷ ሆና፣ በመስኮት በረዶው ሲወርድ እያየች፣ ራሷ ትጨርሰዋለች። በሐሳቧ ውስጥ ዌንደል ቀስ ብሎ ያወራል፤ ቀስ ብሎ ያያታል። እዚያ ሬዲዮ የለም።

እናቷ ግን ሕልም አይወዱም። ሩቅ፣ ሞንክተን ከተማ ያለችው አክስቷ ሆቴል ውስጥ ሥራ አግኝታላታለች።

«እዚህ ማን ያስቀርሻል? ያ ሥጋውን ጥሎ የሚሮጠው? አንቺንም እንደዚያው ነው ጥሎሽ የሚሮጠው!»

ሐሙስ ዕለት ለዌንደል ነገረችው። «ቅዳሜ በስምንት ሰዓቱ አውቶቡስ እሄዳለሁ።»

የያዘው ጎመን እጁ ላይ ቀረ። ዓይን ዓይኗን ያያል። ከኋላ የተሰለፉት ሰዎች እንኳን፣ ምን እንደሆነ ባያውቁም፣ አንገታቸውን አሰገጉ።

«ኮሌት፣ እኔ...»

ሬዲዮው ጮኸ።

ያን ቀን ጋሪውን ሊወስድ የመጣው ሌላ ባልደረባው ነው። ዓርብም ዌንደል አልመጣም።

ቅዳሜ ኮሌት ሻንጣዋን እየጎተተች ወደ እሳት አደጋ ጣቢያው ሄደች። አውቶቡሱ የሚቆመው እዚያው በር ላይ ነው። ዌንደል እስከ ጉልበቱ ርሶ፣ የታጠቡትን ቱቦዎች እንዲደርቁ በገመድ እየሳበ ከረጅሙ ማማ ላይ ይሰቅላል። ነጫጮቹ ቱቦዎች ከሰማይ የወረዱ ይመስላሉ። ኮሌት ለአፍታ የመጣችበትን ረሳች።

«ለምን አልመጣህም?»

«ፈራሁ።»

«እሳት ውስጥ የምትገባ ሰውዬ፣ እኔን ትፈራለህ?»

«ለእሳቱማ ልብስ አለኝ።»

መሳቅ አምሯት ነበር፤ ዋጠችው። «አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ልቅር ወይስ ልሂድ?»

የጣቢያው ደወል ጮኸ።

ዌንደል ገመዱን አሰረና ሮጠ። ቡትስ ጫማውና ሱሪው አንድ ላይ ተዘጋጅቶ ነው የሚጠብቀው፤ ዘሎ ገባበት። ኮሌት ሻንጣዋን ይዛ ብቻዋን ቀረች። እማዬ ልክ ነበረች አለች በልቧ።

መኪናው እየጮኸ ወጣ። አስፋልቱን ሲይዝ የኋላው መስኮት ተከፈተና ዌንደል አንገቱን አወጣ።

«ቅሪ!»

«ምን?»

«ቅሪልኝ! ብታገቢኝም እንዲሁ ነው የምሮጠው! ግን እመለሳለሁ!»

ሽማግሌው አለቃቸው ብሩኖ ምንም መኪና መንገድ ሳይዘጋባቸው ጡሩምባውን አንዴ ረጅም አድርገው ነፉት።

ድምፁ እየራቀ፣ እየራቀ ሄደና ጠፋ። መንገዱ ላይ በረዶ እንደ ላባ ይወርዳል። ኮሌት አውቶቡስ መጠበቂያው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች። አውቶቡሱ መጥቶ ቆመ፤ ሹፌሩ ሻንጣዋን አየ።

«ትሄጃለሽ የኔ ልጅ?»

«አልሄድም። ሰው እየጠበቅኩ ነው።»

«ይቆያል?»

«እሱን እሳቱን ይጠይቁት» አለችና እግሯን ሻንጣዋ ላይ ሰቀለች።