ባዶ ከሆነ፣ ባዶ ነው በል

ለተከበራችሁ የዚህ ቻናል ቤተሰቦች በሙሉ፤ አንዲት መስመር ኮድ መሰረዟንና በዚያው ዕለት ወደ ቦታዋ መመለሷን በታላቅ አክብሮት አስታውቃለሁ።

ሳቁ። እኔም እስቅ ነበር።

ግን በራሴ ላይ የደረሰ ነው። ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተኩል፣ ፀሐይ በመስኮት ገብታ፣ ስድስት ሰው በተቀመጠበት ቢሮ ውስጥ...

በኢንተርኔት ዕቃ እንሸጣለን። የገዢውን ቅርጫት የሚይዘው ኮድ አራት መቶ መስመር ነበር። አለቃችን ጠረጴዛዬን በጣቱ እየመታ፣ «እስከ ምሳ ስልሳ ካላደረግሽው ዕቃሽን ሰብስቢ» አለኝ።

በሰው ፊት! ደሜ ፈላ።

የምንጽፍበት ቋንቋ ፋንክሽናል የሚሉት ዓይነት ነው። ትዝታ የለውም፤ ያንኑ ነገር ከሰጣችሁት ሁሌም ያንኑ መልስ ይመልሳል። ስለዚህ ቆራረጥኩ፣ አጣጠፍኩ፣ ስልሳ አንድ ደረስኩ።

አንዲት ቀረች።

«ቅርጫቱ ባዶ ከሆነ፣ ባዶ ነው በል።»

ይሄ ምን የሚሉት መስመር ነው? የሞተን ሰው «ሞተሃል» ብሎ እንደ ማስጠንቀቅ እኮ ነው!

«እሷን አትንኪ።»

ከኋላዬ የሚቀመጠው ጋሼ ነው። ጋሼ የምንለው በዕድሜው ሳይሆን በዝምታው ነው። ኮዱን መጀመሪያ የጻፈው እሱ ነው። የሚተይበው በአንድ እጁ ነው፤ ግራውን ከኪሱ ሲያወጣ አይተን አናውቅም።

«ለምን?»

«አትንኪ አልኩሽ።»

«ምክንያቷን ንገረኝና እተዋታለሁ።»

ፊቱን ወደ ስክሪኑ መለሰ።

ተናድጄ ሰረዝኳት።

ባዶ ቅርጫት ሰጥቼ ሞከርኩት። ባዶ መመለስ ነበረበት...

«የሹራብ ቁልፍ፣ ግራጫ። ብዛት፦ 1። ተልኳል።»

ሹራቤን አየሁ። ሦስተኛው ቁልፍ የለም። ክሩ አልተበጠሰም... ተቋጥሯል።

«ማነው የሚቀልድብኝ?» ብዬ ጮህኩ።

ማንም ቀና አላለም።

እልህ ያዘኝ። ያንኑ ባዶ ቅርጫት ደግሜ ሰጠሁት።

«የጆሮ ጌጥ፣ የግራ። ብዛት፦ 1። ተልኳል።»

ጆሮዬን ዳበስኩ።

ጌጡ ብቻ አይደለም... ቀዳዳውም የለም።

«መልሻት» አለ ጋሼ በሹክሹክታ። «ቶሎ በይ!»

«መጀመሪያ ንገረኛ! ምን አፍህን ይዞሃል?»

ዓይኑን ወደ ግራ ኪሱ ጣለ። እኔ ደግሞ ስናደድ አልመለስም። ሦስተኛ ጊዜ ተጫንኩት።

«ጣት፣ የግራ እጅ። ብዛት፦ 2። በመላክ ላይ...»

መስመሯን መልሼ ጻፍኳት። በቀኝ እጄ ብቻ።

ስድስት ሰዓት ሲሆን አለቃችን መጣ። አጎንብሶ ቆጠረ።

«ስልሳ አንድ! ይቺን የማትረባ መስመር ምን ልትሆንልሽ ተውሻት?»

የጋሼ ወንበር ከኋላዬ ሲጥ አለ። ዞር አላልኩም።

«እሺ» አለ አለቃዬ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ምክንያቷን ንገሪኝና ትቆያለሽ።»

ብነግረው እጅሽን አሳዪኝ ይላል። ግራ እጄን ወደ ኪሴ ይበልጥ ገፋሁት።

«አልናገርም።»