ያጠረችው ልጅ

የሕፃናት ማሳደጊያው ልብስ ሰፊ በስፌት ክፍሏ ወለል ላይ በጀርባዋ ተንጋላ ተገኘች። መሰላሉ አጠገቧ ወድቋል። ከመደርደሪያ የተገለበጠው ሰማያዊ የልብስ ሰፊ ጠመኔ ደቅቆ በዙሪያዋ ተበትኗል። የራሷን ቁስል ያየ ሁሉ የስፌት መኪናው የብረት እግር እንደመታት ያውቃል። ዓይኖቿ ግን ተከድነው፣ ቀሚሷም እስከ ቁርጭምጭሚቷ ተስተካክሎ ነበር።

«ማን ነካት?» አለ መርማሪው።

«ኧረ እኔስ አልነካሁም!» አለ ሾፌሩ። «ከከተማ ዳቦ ይዤ ተመልሼ ለምሳ ልጠራት ስል ከበሩ ሆኜ አይቻት ጮህኩ። ጌታዬ፣ የቆመ አንበሳ አልፈራም፤ የተኛ ሬሳ ግን በሩቁ ያስሮጠኛል።»

መርማሪው የሟቿን ክንድ ዳሰሰ። ደርቋል። ከሞተች ሰዓታት አልፈዋል ማለት ነው።

ቤቱን የሚረዱት ከባሕር ማዶ የመጡ ምእመናን ናቸው። በዚህ ጉዞ ሁለት ሰዎች መጥተዋል፤ በየዓመቱ የሚመላለሱት የጉዞው መሪ ሰባኪና አንዲት ልጅ በስሟ መርጠው፣ በዓይን ሳያዩዋት ስድስት ዓመት የረዱ ባልቴት።

«ከቁርስ ጀምሮ ከእማማ ጋር ደብተር ስናከፋፍል ነበርን» አለች የቤቱ ኃላፊ። «መሰላሉ ላይ አትውጪ እያልኩ ስንቴ ተቆጣኋት!»

ባልቴቷ ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። ሰባኪው ቅዱስ መጽሐፋቸውን በጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ተቀምጠዋል።

«እኔ በክፍሌ ስብከት ሳዘጋጅ ነበር፤ ወደዚያ ክፍል ዝር አላልኩም። ምስኪን! እንደ አባቷ ታየኝ ነበር። የልቧን የምታጫውተው ለእኔ ብቻ ነበር።»

በልብስ ሰፊዋ ጠረጴዛ ላይ ጠርዙ በመርፌ ቁልፍ የታጠፈ አዲስ የልጅ ቀሚስ ነበር። መርማሪው አነሣው።

«እኔ ነኝ የሰፋሁላት» አሉ ባልቴቷ። «አምና በላኩልኝ ልክ ላይ ሦስት ጣት ጨምሬ ነው የቆረጥኩት። ልጅ አይደለች? ታድጋለች ብዬ።»

የታጠፈውን በእጁ ለካው፤ ሦስት ጣት ቀርቶ ከስንዝር ይበልጣል። ቀሚሱ የተሰፋላትን ልጅ አስጠራት።

«ስምሽ ማን ነው?»

አስቀድማ የኃላፊዋን ፊት አየች፤ ከዚያ መለሰች። ኃላፊዋ ዞር ስትል ግን ወደ ጆሮው ተጠግታ፣ «ትክክል ነው የመለስኩት? ከተሳሳትኩ እኮ ከዚህ ያስወጡኛል» አለችው።

መርማሪው ሁሉንም በምግብ አዳራሹ ሰበሰበ። ሰባኪው እዚያም መጽሐፋቸውን በጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ተቀመጡ።

«ልጅ ይታመማል፣ ይከሳል፤ ግን ከአምና ልኩ አያጥርም። ስለዚህ ይህቺ ሌላ ልጅ ናት።»

ኃላፊዋ ፊቷን በእጆቿ ሸፈነች። «ያቺ በትኩሳት ሞተችብን! ሐኪም ቤት ያደረስናት ዘግይተን ነው። ወሬው ከወጣ ቤቱ ይዘጋል፣ የቀሩትስ የት ይወድቃሉ ብዬ ነው…»

ባልቴቷ የወንበሩን መደገፊያ ያዙ።

«ቀሚሱን እንድታሳጥር የታዘዘችው ልብስ ሰፊ ይህን ይዛ ዝም ማለት አልቻለችም» አለ መርማሪው። «ለምታምነው ሰው ነገረች። አሁን የሟቿን ዓይኖች አስታውሱ። የሟች ዓይን በጊዜ ካልተከደነ፣ ከደረቀ በኋላ እሺ አይልም። የከደናት ስትሞት አጠገቧ ነበረ። ሁለቱ ሴቶች አልተለያዩም። ሾፌሩም እስከ ምሳ ከተማ እንደነበር ዳቦ ጋጋሪው መስክሮለታል። ሰው በአፉ የሸሸገውን ልማዱ ያወጣበታል፤ ብዙ ሙታን የገነዘ እጅ ይህቺንም ሳይከድናት መሄድ አልሆነለትም። መምህር፣ እስቲ መጽሐፉን ከጉልበትዎ ያንሡት።»

ሰባኪው አልተንቀሳቀሱም። መጽሐፉን ያነሡት ባልቴቷ ናቸው። በጥቁሩ ሱሪ ጉልበቶች ላይ ሁለት ሰማያዊ ክቦች ታዩ።

«ለእማማ ካልነገርኩ አለች» አሉ ሰባኪው። «ስንት ዓመት የደከምንበት ሥራ በአንድ ቃል ሊፈርስ ሆነ። ገፋኋት፤ ልገድላት ብዬ ግን አልነበረም።»

«ወዲያው ሞተች?»

ሰባኪው ሰማያዊዎቹን ክቦች በመዳፋቸው ሸፈኑ።

«የቤቱ ነርስ ከዚያ ክፍል ሃያ እርምጃ ርቃ፣ በሯን ከፍታ ተቀምጣ ነበር። እርስዎ ግን አልተጣሩም፤ ተንበረከኩ» አለ መርማሪው።

«ነፍሷ በሰላም እንድትወጣ ጸለይኩላት…»

«እስክትወጣ ጠበቋት እንጂ!» አሉ ባልቴቷ። «እኔም እኮ በእርስዎ ቃል ነው የመጣሁት። ትናንት ይህቺን አቅፌ ሳለቅስ አጠገቤ ቆመው ባረኩን።»

«ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ» አለ ሾፌሩ ለራሱ።

ሰባኪውን ወሰዷቸው፤ ኃላፊዋም ቃሏን ለመስጠት ተከተለች። ባልቴቷ በባዶው አዳራሽ ቀሩ። ልጅቱ ከግድግዳው ተለጥፋ ቆማለች።

«እኔስ አሁን ልውጣ?» አለች።

አሮጊቷ ቀና ብለው አዩዋት። ስድስት ዓመት የጸለዩላት ልጅ ይህቺ አይደለችም፤ ሊያቅፏት እጃቸው አልታዘዝ አላቸው።

«ያቺን የት እንደቀበሯት ታውቂያለሽ?»

«ከአጥሩ ጀርባ ነው። አልጋችን ጎን ለጎን ነበር።»

ባልቴቷ በወንበሩ ተደግፈው ተነሡ፤ እጃቸውንም ዘረጉላት።

«ማንም አያስወጣሽም። ምሪኝና እንሂድ፤ በመንገድ ላይ የራስሽን ስም ትነግሪኛለሽ።»