ባለጭራው ቺምፓንዚ

«ሠላሳ አንድ» አሉ ርዕሰ መምህሩ አቶ መኩሪያ፣ የመጨረሻውን ደብተር ክምሩ ላይ እያስቀመጡ። «ሠላሳ አንድ ልጅ ተሳስቶ ነው የጻፈው?»

ገረመው የተባለው የታሪክ መምህር ክምሩን ወደ ራሱ ሳበ። ዳናይት ከእናቷ ወንበር ጀርባ ቆማ ነበር። ደብተሮቹን ከዘጠነኛ «ቢ» ክፍል ሰብስባ ያመጣችው ራሷ ናት፤ ሞኒተር ነች። ነገሩን ያስነሳችው ግን እናቷ ኣብርሀት ናት። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የልጇን ደብተር ስታገላብጥ «አያታችን ቺምፓንዚ ነው፤ የአዳምና የሔዋን ታሪክ ተረት ነው» የሚል አገኘች። አስተማሪሽ ነው እንዲህ ያለው ብላ ጠየቀቻት። ዳናይት አዎ አለች።

መምህሩ በእርግጥ ምን እንዳለ ዳናይት አታውቅም። የዚያን ቀን ከጓደኛዋ ከሀይሚ ጋር ፎርፈው ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ በርገር ሲበሉ ነበር። ወደ ሰሚት ሲመለሱ ታክሲ ውስጥ አንድ የቲክቶክ ቪዲዮ አየች፤ ያመለጣትን ገጽ በዚያ ሞላችው። ሥዕልም ጨመረችበት፦ ጎንበስ ያለ ቺምፓንዚ፣ ቀስት፣ ቀጥ ብሎ የቆመ ሰው።

ክፍሉ ውስጥ ከዳናይት ሌላ ኖት የሚይዝ ልጅ የለም። የእጅ ጽሑፏ ስለሚያምር ሁሉም ከእሷ ነው የሚገለብጡት። በማግስቱ ደብተሯ ከዴስክ ዴስክ ሲዞር ዋለ፤ ትምህርቱን በጆሯቸው የሰሙት እንኳ ሳያነቡት ገለበጡ። አቶ መኩሪያ ክፍል ድረስ መጥተው መምህሩ ይህን ብሏል ወይስ አላለም ብለው ሲጠይቁም ልጆቹ ወደ ደብተራቸው አቀረቀሩ። ቢሩክ የሚባለው ልጅ ብቻ «ደብተሬ ላይ አለ» አለ።

«እኔ ያልኩት ዘመዳሞች ናቸው ነው» አለ ገረመው አሁን፣ ቀስ ብሎ። «ሰውና ቺምፓንዚ ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በፊት የኖረ የጋራ ቅድመ አያት አላቸው። አንዱ ከሌላው አልመጣም። ስለ እምነት አንድም ቃል አልተናገርኩም።»

ደብተሩ ሌላ ነው የሚለው አሉ አቶ መኩሪያ።

ገረመው አንዱን ገለጠ፤ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን ገለጠ። «ቺምፓንዚ ጭራ የለውም» አለ። «እዚህ ግን ሁሉም ጭራ አለው፤ ያውም ወደ ግራ የተጠቀለለ። ሠላሳ አንድ ልጅ ለየብቻው እንዲህ አይሳሳትም። ያው ስህተት ብዙ ቦታ ከተገኘ ምንጩ አንድ ነው። ሳይንቲስቶችም ዝምድናን ከሚለዩባቸው መንገዶች አንዱ ይኸው ነው።»

አቶ መኩሪያ የቀልድ ሰዓት አይደለም አሉት።

መምህሩ ቀና ሲል ከዳናይት ጋር ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። የእሷን ሥዕልና ጽሑፍ ያውቀዋል፤ አራት ወር ሲያርመው ቆይቷል። እንድትናገር ጠበቃት። እናቷ ሳትዞር እጇን ወደ ኋላ ሰዳ የእሷን እጅ ያዘች። እጇ ሞቃት ነበር። ዳናይት ዓይኗን ከመምህሩ ላይ አነሳች።

«እሺ» አለ ገረመው። ደብተሮቹን አንድ በአንድ ዘጋቸው።

መምህሩ ዓርብ ሥራውን ለቀቀ። ሀይሚ መጸዳጃ ቤት ውስጥ ፀጉሯን እያበጠረች፣ ሌላ ሥራ ያገኛል ምን ያስጨንቅሻል አለቻት። «ደግሞ ብታወሪ ሁለታችንም ተበላን።»

ከሳምንት በኋላ ሰኞ ዕለት ዳናይት ብቻዋን ቢሮ ገብታ ለአቶ መኩሪያ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ መፎረፏን፣ ቪዲዮውን፣ ጭራውን። እሳቸው መነጽራቸውን አውልቀው እስከ መጨረሻው ሰሟት። አልተቆጡም። የመልቀቂያ ደብዳቤው ወጥቷል፣ አዲስ መምህር ተቀጥሯል፣ ወላጆችም ተረጋግተዋል አሉ።

«አሁን ይሄን ብናነሳው ማንን ይጠቅማል፣ ልጄ? እናትሽንም ሰው ፊት አታዋርጂ። ወደ ክፍልሽ ሂጂ።»

የመምህሩን ስልክ ለመነቻቸው። አይፈቀድም አሏት። ክፍል ስትገባ አዲሱ መምህር ያንን ምዕራፍ ዘልሎ ቀጣዩን ጀምሮ ነበር።

ከትምህርት በኋላ የእናቷ ቪትዝ መኪና በሩ ላይ ትጠብቃት ነበር። ኣብርሀት ሞተሩን አስነሥታ ለጥቂት ጊዜ ሳትንቀሳቀስ መሪውን ይዛ ቆየች። ደክሟታል። ያ መምህር ሁለት ትምህርት ቤት አመልክቶ አልተቀበሉትም አሉ፣ ወሬው ቀድሞት ደርሷል አለች። ደስ ያላት አትመስልም።

«አሳዘነኝ» አለች። «ግን በገዛ አፉ የተናገረው ነው፤ ምን ይደረጋል።»

ዳናይት በመስኮቱ ወደ ግቢው አየች። ልጆች እየተጋፉ ይወጣሉ። አሁን ብትናገር መምህሩ ወደዚህ ግቢ አይመለስም፤ የሁለቱም ትምህርት ቤቶች በር አይከፈትለትም። የሚለወጠው እናቷ ከእንግዲህ እሷን የምታይበት ዓይን ብቻ ነው። ኣብርሀት ማርሹን ነካች።

«ትንሽ ቆዪ፣ እማ» አለች ዳናይት። «ሞተሩን አጥፊው።»