አትዘንልኝ

ትሪና ሃልቨርሰን አዳራሹ በር ላይ ስትደርስ እግሯ አልንቀሳቀስ አላት።

መጀመሪያ የመታት ድምፁ ነው። በሺህ የሚቆጠሩ የካርታ ተጫዋቾች በገንዘብ ፈንታ የሚወራረዱባቸውን ክብ ጠጠሮች በጣቶቻቸው እያንቀጫቀጩ ተቀምጠዋል። አንዱ ብቻውን ቢያንቀጫቅጭ ማንም ልብ አይለውም፤ ሁሉም በአንድ ላይ ሲሆን ግን ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የሚወርድ የማያባራ ዝናብ ይመስላል። ከጠረጴዛው ጀርባ ጠረጴዛ፣ ከዚያም ጀርባ ሌላ ጠረጴዛ፤ የአዳራሹ መጨረሻ አይታይም። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንኳን እንዲህ ያለ ጸጥታ ልቧ ላይ ወርዶ አያውቅም።

«አንቺ ካልገባሽ እኔም አልገባም» አላት አንድ ድምፅ ከኋላዋ።

ዞር ስትል ረጅም፣ ቀጠን ያለ፣ የሸሚዙን ቁልፎች አዛንፎ የቆለፈ ሰው ቆሟል።

«ምን አደረግኩህ?»

«ምንም። ፈርቼ ነው ከኋላሽ የተደበቅሁት።»

«እኔም እኮ ፈርቼ ነው የቆምኩት።»

«በቃ፣ ወደየቤታችን እንሂዳ!»

ትሪና ሳቀች። ከቤቷ ከወጣች ጀምሮ የመጀመሪያ ሳቋ ነበር። «አንተ መጀመሪያ ሸሚዝህን አስተካክል» አለችው። ወደ ደረቱ አየና ጆሮው ድረስ ቀላ። ስሙን ሳትጠይቀው ሕዝቡ ለያያቸው፤ ከላይ ድምፅ ማጉያው «ካርታውን በውዙ! እደሉ!» ብሎ ጮኸ፤ አዳራሹም በጭብጨባ ተናወጠ።

ትሪና ከሰሜን ሚኔሶታ፣ ከታላቁ ሐይቅ ዳር ካለች ትንሽ ከተማ ነው የመጣችው። ክረምት ሲሆን የበረዶ መጥረጊያ መኪና ትነዳለች። ከሦስት ዓመት በፊት እጮኛዋ ልክ በሠርጋቸው ሳምንት ልብሱን ጠቅልሎ ጠፋ። ከዚያ ወዲህ ከተማው በሙሉ ያዝንላታል። ጎረቤቶቿ ድንችና ሥጋ እየጋገሩ በራፏ ላይ ያስቀምጡላታል። ፖስተኛው በሽተኛ እንደሚያናግር ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚያናግራት። ሐሙስ ሐሙስ ፖከር የተባለውን የካርታ ቁማር የምትጫወትበት መጠጥ ቤት ውስጥ ደግሞ ጠንካራ ካርታ የያዙ ወንዶች ፊቷን አየት እያደረጉ እንድታሸንፍ ብለው ካርታቸውን ይጥሉላታል።

መጠጥ ቤቱ ዘንድሮ ለአሸናፊው የላስ ቬጋሱን ታላቅ ውድድር መቀመጫ እንደሚገዛ ተናገረ። ትሪና አሸነፈች። ሁሉም ተነሥቶ አጨበጨበላት፤ እሷ ግን ያን ማታ እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም። እውነት ችላ ነው ያሸነፈችው ወይስ አዝነውላት? እዚህ ድረስ የመጣችው ይህን ለማወቅ ነው።

በመጀመሪያው ቀን ጠረጴዛዋ ላይ ማንም አላዘነላትም። በቴሌቪዥን ብቻ የምታውቀው አንድ ስመ ጥር ተጫዋች ፊት ለፊቷ ተቀምጦ ብርቱካን እየላጠ ጠጠሯን ገፈፋት። ፂማም ወጣት ሁለት የንጉሥ ካርታ ይዞ ውርርዱን ሲጨምርባት ቀና ብሎ እንኳን አላያትም። ሚሊየነሩም ጡረተኛዋም እሷም እኩል ሁለት ሁለት ካርታ ነው የሚታደላቸው፤ ከዚያ በኋላ ዘመድ የለም፣ ወዳጅ የለም። ትሪና ደስታዋን የምታደርግበት አጣች። ሞኝነት መሆኑን ታውቃለች፤ ግን ዓይኗ እንባ አቀረረ። ከተበላችው ግማሹን ከፂማሙ ላይ አስመለሰች።

ለእራት ሲለቀቁ ያ ሰው በሩ ላይ ቆሞ ጠበቃት። ሸሚዙ ተስተካክሏል።

«ተርፈሻል?»

«ተርፌያለሁ። አንተስ?»

«እኔ እንዴት እንደተረፍኩ እኔም አላውቅም።»

ሩበን ኡሊባሪ ይባላል። ኮሎራዶ ውስጥ ፑዌብሎ በምትባል ከተማ ለሕፃናት መለከት ያስተምራል። እራት ላይ ሲናገር እጆቹ የማይታዩ መዘምራን የሚመሩ ይመስላሉ። ትሪና እጆቹን ስታይ ሾርባዋ ቀዘቀዘ።

ቀጥሎ የዕረፍት ቀን ነበር። አብረው ቁርስ በሉ። ሩበን እንቁላሉ ላይ የፈሰሰውን የአረንጓዴ ቃሪያ መረቅ ቀምሶ ፊቱን አጨማደደ። «ይሄ ቃሪያ ነው? የእኛን አገር ቃሪያ ብትቀምሺ ስምሽን ትረሺ ነበር!» እያለ ሲያስቃት፣ ሳታስበው ስለ እጮኛዋ፣ ስለ ሠርጉ ሳምንት ነገረችው። ሩበን ሹካውን አስቀመጠ። እጇ ላይ እጁን ጣል አደረገ። ያን ጊዜ ይህ አልከበዳትም፤ እንዲያውም ደስ አላት።

በማግሥቱ ወንበር እንደገና በዕጣ ተደለደለ። ትሪና ቁጥሯን ፈልጋ ስትደርስ ሩበን እዚያው ጠረጴዛ ላይ፣ ከግራዋ ተቀምጧል። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መሐል! ሁለቱም አፍጥጠው ተያዩ።

«ምነው፣ የሞተ ሰው አያችሁ እንዴ?» አለች ከወዲያ ማዶ አንዲት ሽበታም ሴትዮ። ኢርማ ትባላለች፤ የፊላደልፊያ ሰው ናት፤ አፏ አያርፍም። «ካርታ ልትጫወቱ ነው የመጣችሁት ወይስ ልትጋቡ?»

«ካርታ» አለች ትሪና።

«አንተስ?»

«እኔ እሷን ነው የምከተለው» አለ ሩበን። ጠረጴዛው ሁሉ ሳቀ።

ከሰዓት በኋላ ካርታ ከዳትና የትሪና ጠጠር መነመነ። በዚያ መሐል ነው ያ ነገር የመጣው። በጠረጴዛው መሐል ለሁሉም የሚሆኑት አምስት ካርታዎች ተገልጠዋል፤ ሦስቱ ቀይ ልብ ናቸው። ትሪና በእጇ የቀይ ልብ ንግሥትና ጃክ ይዛለች፤ አምስት ቀይ ልብ ሞላላት። ሌሎቹ ጥለው ሩበንና እሷ ብቻ ቀርተዋል። ወጥመዷን ዘረጋች፤ ጠረጴዛውን በጣቷ መታ አድርጋ ሳትወራረድ አለፈች። እሱ ሲወራረድ ያላትን ሁሉ ልትገፋ ነው።

ሩበን ጠጠሩን አነሣ። አያት። ጠጠሩን መልሶ አስቀመጠ፤ እሱም ጠረጴዛውን መታ አድርጎ አለፈ።

ካርታቸውን ገለጡ። ሩበን የያዘው የቀይ ልብ አስና ስድስት ነበር፤ እሱም አምስት ቀይ ልብ ሞልቶለታል፣ አስ ደግሞ ከንግሥት ይበልጣል። ከዚያ ካርታ በላይ በዚያች ሰዓት በጠረጴዛው ላይ ምንም ሊኖር አይችልም።

«አንተ ሰውዬ!» አለች ኢርማ፤ ፌዟ ሁሉ ጠፍቷል። «እሱን ይዘህ ነው ያለፍከው?»

ካርታ አዳይዋ እጇን አነሣች፤ ዳኛው መጣ። በዚህ ጨዋታ ለወዳጅ ማዘን ማጭበርበር ነው። የመጨረሻው ተራ ደርሶት፣ የማይሸነፍ ካርታ ይዞ የማይወራረድ ሰው ይቀጣል።

«ጌታዬ፣ ለምን አልተወራረዱም?»

«አላየሁትም።»

«አላዩትም?»

ሩበን አቀረቀረ። «አይቼዋለሁ» አለ።

ዳኛው አንድ ዙር ከጠረጴዛው እንዲርቅ ፈረደበት። ሩበን ተነሥቶ ሲሄድ ትሪና ቀና ብላ አላየችውም። ፊቷ እሳት ሆኗል። ከፊት ለፊቷ የተደረደሩት ጥቂት ጠጠሮች የእሷ አልመስል አሏት።

በዕረፍት ሰዓት ኮሪደሩ ላይ አገኘችው።

«ያን ጊዜ ልታስወጣኝ ትችል ነበር፣ አይደል?»

«አዎ።»

«ጥሩ ካርታ እንዳለኝ ገብቶህ ነበር?»

«ጠንካራ ካርታ ስትይዢ ትንፋሽሽን ዋጥ ታደርጊያለሽ። ሁሉንም እንደምትገፊ አውቄያለሁ።»

«ታዲያ ለምን?»

«ያን ሁሉ ከነገርሽኝ በኋላ እኔ ደግሞ…»

«ጨርሰው።»

«አሳዘንሽኝ።»

ትሪና ወደ ግድግዳው ዞረች። ከዚያ ተመለሰችበት። «አገሬ ውስጥ ሰው ሁሉ ያዝንልኛል። ፖስተኛው ያዝንልኛል፤ የመጠጥ ቤቱ አሳላፊ ያዝንልኛል። በሕይወቴ የሚያዝንልኝ ሰው አጥቼ አይደለም እዚህ የመጣሁት።»

«ልጆቹ መለከቱን ሲያበላሹት ጎበዝ እያልኩ ስንት ዓመቴ! አመል ሆኖብኝ ነው፣ ትሪና።»

«እኔ ተማሪህ አይደለሁም!» አለችው። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ወድጄሃለሁ፤ ስለዚህ ነው የሚያመኝ። አንተም ከወደድከኝ አሸንፈኝ። ካልቻልክ ደግሞ ላሸንፍህ። ግን አትዘንልኝ።»

ሩበን ትክ ብሎ አያት። ከዚያ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ።

ወደ ጠረጴዛው ሲመለሱ ሌላ ሰው ሆኖ ተቀመጠ። በመጀመሪያው ካርታ ጨመረባት፤ ጣለች። በሁለተኛውም ጨመረባት፤ ጣለች። ኢርማ «ተመስገን፣ አሁን ሰው ሆንክ!» አለችው። ትሪናም አልተኛችም። ከኢርማ ወሰደች፣ ከሌላው ወሰደች፤ ቀስ በቀስ ጠጠሯ ከሩበን ጠጠር ጋር ትከሻ ለትከሻ ሆነ። ማንም አልጣለላትም፤ ሁሉንም በትግል ነው ያገኘችው። በየመሐሉ ቀና እያለች ያንን መጨረሻ የሌለው አዳራሽ ታያለች፤ ሁልጊዜም እንደ አዲስ ይደንቃታል።

ከዚያ በአንዱ ዕደላ ሌሎቹ ጥለው ሁለቱ ብቻቸውን ተገናኙ።

ትሪና ሰባትና ስምንት ይዛ የጠበቀችው ካርታ ሳይመጣ ቀረ። መሐሉ ላይ አምስቱም ተገልጠዋል፤ በእጇ ምንም የለም። ግን ሩበንም እርግጠኛ እንዳልሆነ አየች። ለእንዲህ ዓይነቱ ጊዜ የሚያዋጣው አንድ ነገር ነው፤ ጠንካራ ካርታ የያዘ መስሎ ማስፈራራት። ትንፋሿን ዋጥ አደረገች። ጠጠሯን በሁለት እጇ ሰብስባ ወደ መሐል ገፋች።

«ሁሉንም» አለች።

እሱን ለመፈተን አልነበረም። ልታሸንፍ ነው የገፋችው፤ ከልቧ።

ሩበን ካርታውን አላየም፤ እሷን ነው ያየው። ያን ዓይኑን በቁርስ ጠረጴዛ ላይ አውቃዋለች፤ አሁን ግን ርኅራኄ የለበትም፤ ይመረምራታል። ውርርዱን ተቀብሎ ከተሳሳተ እሱም እዚህ ላይ አበቃለት ማለት ነው። የጠጠሮቹ ዝናብ ከሩቅ ይሰማል።

በትሪና ውስጥ ሁለት ጸሎት ተጣላ። አንዱ «ጣል» ይለዋል፤ ከጣለ ነገም ትጫወታለች። ሌላው «ተቀበል» ይለዋል። ባዶ መሆኗን ጠርጥሮ ሳለ አዝኖላት ከጣለ ግን ምንም ያህል ጠጠር ብትሰበስብ ከዚህ ሰው ጋር ዳግም ቁርስ አትበላም። የትኛውን ጸሎት አጥብቃ እንደምትጸልይ አላወቀችም። ዕድሜዋን ሙሉ እንዲህ ትኩር ብሎ ያያት ሰው አልነበረም።

«ተቀብያለሁ» አለ ሩበን።

ጥንድ ዘጠኝ ገለጠ። ትሪና ካርታዋን ገልጣ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች፤ ከውድድሩም ወጣች።

ጠረጴዛው ዙሪያ ያሉት ተጫዋቾች ጠረጴዛውን በጣታቸው መታ መታ አደረጉላት፤ ደህና ለተጫወተ ሰው ስንብት እንዲህ ነው። ኢርማ እጇን ዘርግታ ጨበጠቻት። «ልጄ፣ እኔ ብሆን ፈርቼ ጥዬ ነበር» አለቻት። ኢርማ ስለ እጮኛዋ የምታውቀው ነገር የለም። ትሪና ይህን ቃል አመነችው።

ሩበን ሊነሣ አልቻለም፤ የሚቀጥለው ካርታ እየታደለ ነው። ትሪና ከተመልካች መከለያው ገመድ ወዲያ ወጥታ ቆመች። ተሸንፋለች፤ ሕልሟ አክትሟል። ግን እግሯ መሬት የሚነካ አልመሰላትም። እንባዋ ይወርዳል፤ ከንፈሯ ደግሞ አልከደን ብሎ ይስቃል። አጠገቧ የቆሙት ሰዎች ያሸነፈች መስሏቸው እንኳን ደስ አለሽ አሏት፤ እሷም አመሰገነቻቸው።

ዕረፍት ሲሆን ሩበን ወደ ገመዱ መጣ። እጆቹን የሚያደርግበት ቦታ ጠፍቶታል።

«ትንፋሽሽን በጣም አስረዘምሽው» አለ። «እውነተኛው አጭር ነው።»

«ቆይ፣ እሱን እንማማራለን። አሁን አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ እውነቱን ንገረኝ።»

«ጠይቂኝ።»

«ስታስወጣኝ አዘንክልኝ?»

ሩበን አሰበ። የምሩን፣ እንደ ተማሪ ግንባሩን ቋጥሮ አሰበ።

«አላዘንኩም» አለ በመጨረሻ፣ ራሱም እየተገረመ። «ጠጠርሽን ወደ እኔ ስስብ እንዲያውም ደስ ነው ያለኝ። ይቅርታ አድርጊልኝ፤ ልጨፍር ምንም አልቀረኝም ነበር።»

ከሦስት ዓመት ወዲህ ትሪና የሰማችው ከሁሉ የጣፈጠ የፍቅር ቃል ይኸው ነበር። በገመዱ ላይ ተንጠራርታ አንገትጌውን ያዘችና ሳመችው። ኢርማ በአጠገባቸው ስታልፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም አላለችም።

ድምፅ ማጉያው ተጫዋቾችን ጠራ። ትሪና አንገትጌውን ቀስ አድርጋ ለቀቀችው።

«ሂድ ግባ» አለችው። «ጠጠሮቼን በደንብ ያዝልኝ።»