አንድ ዙር ጠፍር

በ፲፱፻፵፰ ዓ.ም. የኅዳር ሚካኤል ዋዜማ፣ ከሰቆጣ ከተማ ወዲያ ባለው ኮረብታ ላይ ገብሱ ታጭዶ ሜዳው ቃርሚያ ብቻ ቀርቶት ነበር፤ የንጉሠ ነገሥቱ ዘውድ የተጫነበት ሃያ አምስተኛ ዓመት በየአውራጃው ይከበር ስለ ነበርም፣ የአውራጃው ገዥ ከነመኳንንታቸው በዓሉን በኮረብታው ደብር እንደሚያሳልፉ ተነግሯል። ደብተራ ገብረ ሊባኖስ በዕቃ ቤቱ ደጃፍ ተቀምጦ የታላቁን ከበሮ ጠፍር በውኃ እያራሰ ያጠብቅ ነበር።

ሃያ ዓመት ያን ከበሮ ያነገተ እሱ ነው። ነገ የሚያነግተው ግን ምንዋጋው ነበር፤ ከሰሃላ በእግሩ መጥቶ ደጁን የጠና፣ በዋግ አገው ቋንቋ በኽምጣና አፉን የፈታ፣ የገዛ ተማሪው። መሠረቱን ያስያዘው ገብረ ሊባኖስ ነው፤ አንድ ክረምት ሙሉ ጭኑን ብቻ አስመታው፤ "ክንድህን ተወው፤ ምቱ ከእጅህ አንጓ ይነሣ" አለው፤ ማንገቻው ከበሮውን ከእምብርት ላይ እንዲያሳርፍ፣ ሰፊው አፍ ሲናገር ጠባቡ እንዲመልስ፣ ከማሕሌቱ ዜማ መረግዱን ከበሮውን መሬት አኑሮ በዝግታ፣ ጽፋቱን አንግቶ በፍጥነት እንዲመታ አሳየው።

ይህን ሁሉ መስጠቱ አልቆጨውም ነበር። ያልተዋጠለት የባለቤቱ የወለተ ሰንበት ቃል ነው። በመስቀል ዕለት ከሴቶች መቆሚያ ሆና ሰምታ ስትመለስ፣ "ዛሬስ እጅዎን ምን አገኘው? እኔን ባገቡበት ዘመን እንኳ እንዲህ አሳምረው አልመቱም" አለችው። ያን ዕለት የመታው ምንዋጋው ነበር። ገብረ ሊባኖስ አላረማትም፤ ራቱን ግን ሳይጨርስ ተነሣ።

ስለዚህ አሁን ጠፍሩን አንድ ዙር አብልጦ ሳበው። እርጥብ ጠፍር ሲደርቅ ያጥራል፤ ነገ ታቦቱ ወጥቶ ፀሐይ ሲበረታ ቆዳው እስከ መጨረሻው ይወጠራል፤ በጽፋቱ አንድ ብርቱ ምት ቢያርፍበት በገዥው ፊት ይቀደዳል። የከበሮውን ልብስ አለበሰው፤ ጠፍሩም ተሸፈነ።

በማግስቱ ታቦቱ ወጥቶ ከዋርካው ሥር ቆመ፤ መረግዱ በትንሹ ከበሮ አለቀና ጽፋቱ ደረሰ። የደብሩ አለቃ ወልደ ኢየሱስ "ምንዋጋው፣ አንግት" አሉ። ምንዋጋው ታላቁን ከበሮ አንሥቶ ወደ መምህሩ መጣ።

"የኔታ፣ በእንግዳ ፊት እርስዎ እያሉ እኔ አላነግትም።"

"የታዘዝኸው አንተ ነህ፤ ምታ።"

"አልመታም፤ እርስዎ ይምቱ፣ እኔ አጨበጭባለሁ።"

ከኋላ አንዱ ደብተራ "ሰሃሌው ዛሬ ከበሮው ከበደው" አለ፤ ጥቂቶች ሳቁ። አለቃው ገዥውን በዐይናቸው ሰረቅ አድርገው አይተው "ተቀበለው፣ ገብረ ሊባኖስ፤ አታስቁብን" አሉ።

አነገተ። ቆዳውን በጣቱ ሲዳብሰው እንደ ሸክላ ደርቋል። ጽፋቱ ተጀመረ፤ ጭብጨባው እየፈጠነ ሲሄድ የእሱ እጅ እየለዘበ ሄደ፤ በመዳፉ ሳይሆን በጣቶቹ ጫፍ፣ የተኛ ሕፃን እንደሚዳብስ ሰው። ካህናቱ ምቱ እንዳይጠፋቸው ጭብጨባቸውን ዝቅ አደረጉ፤ እልልታው ቆመ፤ ገዥው ባርኔጣቸውን አወለቁ። የገብረ ሊባኖስ ላብ ግን ከጥምጥሙ ሥር ይወርድ ነበር።

ሲያበቃ አለቃው "ይህን ከየት አመጣኸው?" ቢሉት ከበሮውን ከአንገቱ አወረደ። ምንዋጋው ከበሮውን ተቀብሎ፣ መምህሩ እየተከተለው፣ ዕቃ ቤት አገባ፤ ልብሱን ገለጠ፤ ጠፍሩን አየ።

"አንድ ዙር በዝቷል፣ የኔታ" አለ።

ምንዋጋው አንዱን ዙር ፈታ፤ ልብሱንም መልሶ አለበሰው።

ከዚያ ወዲህ ታላቁን ከበሮ ያነገተው ምንዋጋው ነው፤ በየዓመቱም የሚካኤልን ጽፋት እንደዚያው አለዝቦ መታ። ስለ ምቱ በጠየቁት ቁጥር "የመምህሬ ነው" ይላል፤ ሰውም ትሕትናውን ያደንቅለታል። ገብረ ሊባኖስ ዐሥራ አንድ ዓመት ያን ምስጋና እየሰማ ኖረ፤ የእኔ ነው ቢል ጠፍሩን መናዘዝ ይኖርበት ነበር።

በደብሩ መዝገብ የዚያ ዓመት ገጽ ላይ ገዥው የሰጡት ምንጣፍ ብቻ ተጽፏል። ሽማግሌዎቹም ምቱ የለዘበው የጌታን ግርፋት ለማሰብ ነው ይላሉ፤ ያስጀመረው ምንዋጋው የሚባል የሰሃላ ሰው ነው ይላሉ።